«ድራፍት» ሲባል «አፈሳ» ለሚሰማን፦ የአሜሪካ የውትድርና ምዝገባ ማንን ይመለከታል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፎርም ለማስሞላት ወደ እኔ ጎራ የሚሉ ሰዎች አሉ። ጠበቃ አይደለሁም። እንግሊዝኛውን አነብላቸዋለሁ፣ የሚሉኝን እጽፋለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር ሳይ ደግሞ ወደ ጠበቃ እልካቸዋለሁ። በቅርቡ አንዲት እናት የ27 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ቨርጂኒያ ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ከዚያ በፊት ሎስ አንጀለስ ነበሩ። ልጁ ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ሊያስገባ ነው።

ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ጉዞ... ሁሉም ቀና ብሎ ሄደ። ከዚያ ወንዶችን ብቻ የሚመለከተው ጥያቄ ላይ ደረስን። ከ18 እስከ 26 ዓመት ባለው ዕድሜህ አሜሪካ ኖረሃል ወይ? ኖሯል። ለሴሌክቲቭ ሰርቪስ፣ ማለትም ለውትድርና የስም መዝገብ፣ ተመዝግበሃል ወይ?

ልጁ ዝም ብሎ እናቱን አየ። እናቱ ጠረጴዛውን አዩ።

«ደብዳቤው መጥቶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የጣልኩት እኔ ነኝ።»

እንግሊዝኛቸው ያኔ ብዙም አልነበረም። ግን «ሚሊታሪ» የምትለዋን ቃል ለይተው አወቋት። ደብዳቤውን ቀዳደው ከቡናው አተላ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ከተቱት። ለልጁ አልነገሩትም። ሁለተኛ ደብዳቤ ሲመጣም እንዲሁ አደረጉ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው ነገሩኝ። በ1980 ዓ.ም. የ19 ዓመት ወንድማቸው ከመርካቶ ሲመለስ በአፈሳ ተወሰደ። እስካሁን የት እንደወደቀ አያውቁም።

እኚህን እናት የሚወቅስ አንጀት የለኝም። የ1975ቱን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ያየ ትውልድ ስም መመዝገብ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ነበር የሚመለከተው፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነበር። መንገድ ላይ የታየው ግን ቀበሌው ኮታውን ለመሙላት ሲያሳድድ፣ እናት ልጇን ቆጥ ላይ ስትደብቅ፣ የሄደው ሳይመለስ ሲቀር ነው። ስለዚህ «ድራፍት» (የግዳጅ ውትድርና) የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን በልባችን የምንተረጉመው «አፈሳ» ብለን ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እዚህ አገር ልጆቻችንን ሲጎዳ ያየሁት መመዝገቡ አይደለም፤ አለመመዝገቡ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ወዲያው አይታይም። ልጁ 18 ሲሞላው ዝም ይላል፣ 22 ሲሞላው ዝም ይላል፣ 26 ካለፈው በኋላ የዜግነት ፎርም ላይ ብቅ ይላል። ያኔ ደግሞ ልመዝገብ ቢል የሚመዘግበው የለም።

እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ዛሬ የግዳጅ ውትድርና የለም። በ1973 ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሠራዊት በሙሉ ፈቅዶ የገባ ነው። በቬትናም ጊዜ ግን ነበር፤ በዲሴምበር 1969 የልደት ቀኖች የተጻፉባቸው 366 ትናንሽ ሰማያዊ እንክብሎች በመስታወት ዕቃ ውስጥ ገብተው በዕጣ ወጡ። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነበር። በዚያ ቀን የተወለዱ ወጣቶች ተራቸው ቀድሞ ደረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1975 ምዝገባውንም አቆሙት። ሶቪየት ኅብረት በ1979 መጨረሻ አፍጋኒስታን ስትገባ ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 እንደገና ምዝገባውን መለሱት። የመለሱት ምዝገባውን ብቻ ነው። ዕጣው አልተመለሰም።

ሴሌክቲቭ ሰርቪስ የሚባለው መሥሪያ ቤት የያዘው ይህንን ዝርዝር ነው። አንድ ቀን ችግር ቢመጣ ማንን መጥራት እንደሚቻል የሚያሳይ የስም መዝገብ። ሰዎችን መጥራት ለመጀመር ኮንግረስ አዲስ ሕግ ማውጣት አለበት፤ ፕሬዚዳንቱም መፈረም አለባቸው። ያም ቢሆን በዕጣ ነው የሚሆነው፤ በዚያ ዓመት 20 ዓመት የሚሞላቸው ይቀድማሉ፣ ቀጥሎ 21፣ 22 እያለ እስከ 25 ይሄዳል፤ 19 እና 18 ዓመት የሆናቸው መጨረሻ ናቸው። ከዚያም የጤና ምርመራ አለ፣ ይግባኝ አለ፣ በሃይማኖት ወይም በሕሊና ምክንያት ጦር መሣሪያ አልይዝም ለሚል ሌላ መንገድ አለ። ነገ አይመጣም ብሎ ማንም ሊምልላችሁ አይችልም፤ እኔም አልምልም። ግን ከቀበሌ ጋር ምንም የሚያመሳስለው ነገር የለም።

ታዲያ መመዝገብ ያለበት ማን ነው?

ደንቡ ባጭሩ ይህ ነው። ከ18 ዓመት እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ በሙሉ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚኖር ከሆነ፣ 18 በሞላው በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ከ18 ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ የገባ ስደተኛ ከሆነ ደግሞ በገባ በ30 ቀን ውስጥ። ዘግይቶም ቢሆን 26 እስኪሞላው ድረስ ይቀበሉታል። 26ኛ ልደቱ ካለፈ በሩ ተዘጋ። ሴቶችን አይመለከትም፤ ጉዳዩ በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ ሴቶችን አለመመዝገብ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ተብሏል።

እዚህ ላይ ብዙ የአገር ሰው «እኔ እኮ ዜጋ አይደለሁም» ብሎ ያልፈዋል። ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። ምዝገባው ዜግነትን አይጠይቅም። ግሪን ካርድ ያለው ይመዘገባል። በዲቪ የመጣ ይመዘገባል። በስደተኝነት የገባ፣ ጥገኝነት ያገኘ፣ በፓሮል (በጊዜያዊ ልዩ ፈቃድ) የገባ ይመዘገባል። የሁለት አገር ዜግነት ያለው ይመዘገባል። ሰዎችን በጣም የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ ወረቀት የሌለውም ይመዘገባል። «መንግሥት ውጣ የሚለኝ ሰው ነኝ፣ እንዴት ለጦር ይመዘግበኛል?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ሕጉ እንዲህ ይላል የሚል ብቻ ነው።

«ልጄ አንድዬ ነው» የሚሉ ወላጆችም አሉ። አንድ ልጅ መሆን ከምዝገባ አያስቀርም። አካል ጉዳተኛ መሆንም አብዛኛውን ጊዜ አያስቀርም። ለሃይማኖቴ ብዬ አልዋጋም የሚል ሰውም ይመዘገባል፤ የሕሊና ጥያቄውን የሚያቀርበው ዕጣው ደርሶት ከተጠራ ብቻ ነው።

ከምዝገባው ነፃ የሆኑት ለጊዜው የመጡና ቪዛቸው ያልተቃጠለባቸው ናቸው። ኤፍ-1 ይዞ የሚማር፣ ጄ-1 ይዞ ለልውውጥ የመጣ፣ በኤች-1ቢ የሚሠራ፣ በጉብኝት ቪዛ የገባ፣ ዲፕሎማትና ቤተሰቡ። እነዚህ 26 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ስታተሳቸው (ሕጋዊ የቆይታ ሁኔታቸው) ሳይቋረጥ ከቆየ መመዝገብ የለባቸውም። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ወጥመዱ ያለው እሷ ጋ ነው።

የአንዱን መንገድ እንመልከት። አንድ ልጅ በ19 ዓመቱ በኤፍ-1 ኮሌጅ ይገባል። መመዝገብ የለበትም። በ21 ዓመቱ ክፍያው ከብዶት ትምህርቱን ያቆማል፤ አገሩ አይመለስም። ስታተሱ ጠፋ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕጉ በሌላ ዓይን ነው የሚያየው፤ 30 ቀን ካለፈው መመዝገብ ያለበት ወንድ ሆነ ማለት ነው። ልጁ ግን በልቡ «እኔ እኮ በተማሪ ቪዛ ነው የመጣሁት» ብሎ ይኖራል። ከዓመታት በኋላ አግብቶ፣ ወረቀቱ ተስተካክሎ፣ ለዜግነት ሲቀርብ «ተማሪ ነበርኩ» ብሎ ይጽፋል። ኦፊሰሩ ደግሞ ትምህርት ያቆመበትን ቀን ከፊቱ ፋይል ላይ ያየዋል።

እኛ ጋ ከዚህም የበለጠ የተለመደው ሌላው ነው። በጉብኝት ቪዛ መጥቶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ወጣት። ኬዙ ለዓመታት ይንጠለጠላል። እሱ ኬዜ እስኪወሰን ምንም አይመለከተኝም ብሎ ይጠብቃል። የጉብኝት ጊዜው ግን ካለቀ ቆይቷል፤ ዕድሜው ከ26 በታች ከሆነ መመዝገብ ነበረበት። ጠበቆች ስለ ምስክርና ስለ ማስረጃ ሲያወሩ ይህችን ነገር ሳያነሷት የሚያልፉበት ጊዜ ብዙ ነው። እባካችሁ እናንተ አንሱላቸው።

በእርግጥም ነፃ የነበረ ሰው ደግሞ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ። አይ-20ውን (ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ቪዛ የሰጠውን ወረቀት)፣ ቪዛ የተመታበትን አሮጌ ፓስፖርት፣ አይ-94ቱን (የመግቢያ መዝገቡን)፣ የትምህርት ቤት ውጤቱን አይጣል። ከ26 ዓመቱ በኋላ የመጣ ሰውም ምንም ዕዳ የለበትም፤ መቼ እንደገባ ግን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ፓስፖርት ሲታደስ አሮጌውን የሚጥል ሰው ሳይ ልቤ ነው የሚቆረጠው።

አንዳንዱ «ዜጋ ያልሆነን ሰው እንዴት ለጦር ይመዘግባሉ» ብሎ አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል። አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 ሕጉ ሲወጣ ዜጋ ለመሆን የመጀመሪያ ወረቀት ያስገቡ ስደተኞች ለግዳጅ ብቁ ነበሩ። በቬትናም ጊዜም ግሪን ካርድ የያዙ ወጣቶች ተጠርተው ሄደዋል። እስከ ዛሬ ሕጉ ላይ ያለች አንዲት አንቀጽ ደግሞ ብዙ ሰው አያውቃትም። ድራፍት በነበረበት ጊዜ «የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ይቅርብኝ» ብሎ አመልክቶ ነፃ የወጣ ሰው የአሜሪካ ዜግነት እስከ ዕድሜ ልኩ ሊከለከል ይችላል። ኤን-400 ላይ ከውትድርና ነፃ እንድትደረግ አመልክተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ ያለው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሕጉ አንድ ዓመት ያልኖረን የውጭ ዜጋ ለጦር አይወስድም። ነገሩ ስምምነት ይመስላል፤ እዚህ መኖር ከፈለግህ ከነዋሪዎቹ ጋር ስምህ ይጻፍ የሚል። ልትስማሙበትም ላትስማሙበትም ትችላላችሁ። እኔ በግሌ መምረጥ የማይችልን ሰው ለጦር መመዝገብ ይከብደኛል። ግን ሕጉን የምናውቀው ስለወደድነው አይደለም።

ቅጣቱን በተመለከተ ወረቀቱ ላይ ያለውና በሕይወት የሚያጋጥመው ይለያያሉ። ወረቀቱ ላይ ሆን ብሎ ያልተመዘገበ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። በ1980ዎቹ ጥቂት ሰዎች ተከሰዋል፤ ከ1986 ወዲህ ግን በዚህ የተከሰሰ የለም። ስለዚህ ልጄን ያስሩብኛል ብላችሁ አትሸበሩ። የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ይከለከላል። በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ይቀርበታል። በአንዳንድ ግዛቶች የግዛቱ የትምህርት ድጎማ ወይም የግዛቱ ሥራ ይቀርበታል። የፌዴራሉ የኮሌጅ እርዳታ ግን ከዚህ ወጥቷል፤ ኮንግረስ በ2020 መጨረሻ ባወጣው ሕግ ፋፍሳ (የእርዳታው ማመልከቻ) ከምዝገባው ጋር የነበረው ትስስር ተቆርጧል። ብዙ ሰው ይህን አልሰማም፤ አሁንም «ካልተመዘገበ ፋፍሳ አያገኝም» ሲሉ እሰማለሁ።

ለእኛ ትልቁ ዜግነቱ ነው። ስሌቱን ቀስ ብለን እንየው።

ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ባለፉት አምስት ዓመታት መልካም ጠባይ እንደነበረው ማሳየት አለበት፤ በአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛው በኩል ከሆነ ሦስት ዓመት ነው። መመዝገብ ሲኖርበት ሆን ብሎ ያልተመዘገበ ሰው ይህን ፈተና ይወድቃል። አመልካቹ ገና 26 ካልሞላው ነገሩ ቀላል ነው፤ ዛሬ ይመዝገብና ነገ ያመልክት። ከ26 እስከ 31 ባለው ዕድሜ ላይ ያለ ግን ከብዶታል። መመዝገብ አይችልም፤ ያልተመዘገበው አውቆ እንዳልሆነ ማስረዳት ግን አለበት። ማስረዳቱ የእሱ ሸክም ነው። ከ31 ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል፤ ጥፋቱ ከአምስት ዓመቱ መስኮት ውጭ ስለወደቀ። በትዳር በኩል ለሚያመለክተው ይህ ገደብ 29 ነው።

እንግዲህ ፊቴ የተቀመጠው ልጅ 27 ዓመቱ ነው። መሀል ላይ ነው ያለው።

እንዴት እዚያ እንደደረሰ ሳስበው እጅግ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በየመንገዱ አንድ ነገር ሊያድነው ይችል ነበር። በ14 ዓመቱ ከእናቱ ጋር በዲቪ ገባ። እናቱ አምስት ዓመት ጠብቀው ዜግነት ሲወስዱ እሱ 18 አልፎት ነበር፤ ባያልፈው ኖሮ በእሳቸው ዜጋ ይሆን ነበር። እሳቸው ፎርሙን ሲሞሉ ያ ጥያቄ ሴቶችን ስለማይመለከት ማንም አላነበበላቸውም። ልጁ ኮሌጅ ቢያመለክት በዚያን ጊዜ የነበረው ፋፍሳ ራሱ ይጠይቀው ነበር፤ እሱ ግን ቤተሰቡን ለመርዳት በ18 ዓመቱ ሥራ ገባ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣም ብዙ ግዛቶች ወጣቱን እግረ መንገዳቸውን ይመዘግቡታል። ቨርጂኒያም ቴክሳስም እንዲህ ናቸው። ካሊፎርኒያ ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበራትም። ቨርጂኒያ ሲመጣ ደግሞ 26 አልፎት ነበር። የቀሩት ሁለቱ ደብዳቤዎች ነበሩ። እነሱም ከቡናው አተላ ጋር ሄዱ።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ያድርግ? መጀመሪያ ሳይመዘገብ መቅረቱን ያረጋግጥ። ይህን የምለው ብዙ ሰው ሳያውቀው ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። በመንጃ ፈቃድ፣ ወይም አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ለግሪን ካርድ አይ-485 ሲያስገባ ስሙ ይተላለፋል። በሴሌክቲቭ ሰርቪስ ድረ ገጽ ላይ የአባት ስም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የልደት ቀን አስገብቶ በሁለት ደቂቃ ማየት ይቻላል። የእኛ ስም አንዳንዴ የአያት ስም የአባት ቦታ ገብቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ግሪን ካርዱ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሞክሩት።

ከሌለ ደግሞ ያለበትን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዚያው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ደብዳቤው መመዝገብ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም፣ መሥሪያ ቤቱስ በአድራሻው ማሳሰቢያ ልኮለት ነበር ወይ የሚለውን ያወጣል። የእኛ ልጅ ጭንቀት ይህ የመጨረሻው ነው። ሁለት ጊዜ ተልኮለታል ከተባለ «አልሰማሁም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ልጁ ለምን እንዳላወቀ በራሱ ቃል መጻፍ አለበት። እናቱም የሆነውን ሳይሸፋፍኑ መመስከር አለባቸው፤ የወንድማቸውን ነገር ጭምር። እዚህ ላይ ጠበቃ ያስፈልጋል ብዬ ነገርኳቸው። ጠበቃው ሁለት መንገድ ያሳያቸዋል፤ አሁኑኑ ማስረጃውን ይዞ መግባት፣ ወይም 31 እስኪሞላው መታገሥ። መታገሡ አራት ዓመት ነው። ለፎርሙ የሚከፈለው በወረቀት 760 ዶላር፣ በኦንላይን 710 ዶላር ነው፤ ተቀባይነት ካጣ አይመለስም። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አስጠነቅቃለሁ። «ተመዝግቤያለሁ» ብሎ መዋሸት አለመመዝገቡ ከሚያመጣው የባሰ ነው።

ወረቀት ለሌላቸው ወጣቶች የምለው ለብቻው ነው። ፍርሃታቸው ይገባኛል። የምዝገባው ፎርም የኢሚግሬሽን ሁኔታን አይጠይቅም፤ ሶሻል የሌለውም በወረቀት መመዝገብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱም ሲናገር የኖረው ማን ወረቀት እንዳለውና እንደሌለው አልሰበስብም፣ ለሌላም አላቀብልም እያለ ነው። አድራሻን ለመንግሥት መስጠት ግን ዛሬ ለብዙዎች ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ደግሞ አትፍሩ ብዬ የማላውቀውን ዋስትና አልሰጥም። ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር አንድ ጊዜ ተቀመጡ፤ ግን 26 ሳይሞላችሁ። አንድ ቀን ሕግ ተለውጦ ወይም በትዳር ወረቀት የምታገኙበት መንገድ ቢከፈት ይህች ምዝገባ ትጠየቃለች።

አሁን ደግሞ ወደ አዲሱ ነገር። ዲሴምበር 18 ቀን 2025 የተፈረመው የመከላከያ በጀት ፈቃድ ሕግ ምዝገባውን አውቶማቲክ አድርጎታል። ለዝግጅት የተሰጠው አንድ ዓመት ነው፤ እስከ ዲሴምበር 2026። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ራሱ ሄዶ ይመዝገብ መባሉ ይቀርና መሥሪያ ቤቱ ከሌሎች የፌዴራል መዝገቦች ስሙን እያወጣ ይመዘግበዋል። ሸክሙ ከልጁ ትከሻ ወደ መንግሥት ይሄዳል ማለት ነው። ዜናው ሲወጣ «ድራፍት ተጀመረ» የሚል ወሬ በየቴሌግራሙ ተናፈሰ። አልተጀመረም። የተለወጠው ስሙን የሚጽፈው ሰው ነው።

ለእኛ ሰው ይህ ለውጥ በአብዛኛው ደግ ነው ብዬ አስባለሁ። ደብዳቤ ቢጣልም፣ እንግሊዝኛ ባይገባም፣ ልጁ ተመዝግቦ ያድራል። ቀዳዳ ግን አለው። አንደኛ፣ ዛሬ 25 ዓመት የሆነው ልጅ አዲሱ አሠራር ሳይደርስለት 26 ሊሞላው ይችላል። እሱ «አውቶማቲክ ሆኗል አሉ» ብሎ ከተቀመጠ አለቀለት። ሁለተኛ፣ 26 ያለፋቸውን አይነካቸውም፤ ያለፈው አይስተካከልም። ሦስተኛ፣ መንግሥት የሚያየው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው። ግሪን ካርድ ያለውን በደንብ ያውቀዋል። ምንም መዝገብ ላይ የሌለ ልጅ ሊያመልጠው ይችላል። በሕጋዊ የተማሪ ቪዛ ያለ፣ መመዝገብ የማይገባው ልጅ ደግሞ በስሕተት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የቪዛ ወረቀታችሁን ያዙ ያልኩት ምክር ከበፊቱ ይበልጥ ይጠቅማል። መዝገቡ ላይ ስሙ ያለአግባብ የገባ ሰው ማስረጃ ይዞ ይውጣልኝ ማለት አለበት፤ ማስረጃው ከሌለ በምን አፉ ይናገራል?

ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን፣ ዕድሮቻችን፣ የማኅበረሰብ ማእከሎቻችን ይህን ነገር በዓመት አንዴ እንኳ ቢናገሩ ደስ ይለኛል። ስለ ግብር እንናገራለን፣ ስለ ጤና መድን እንናገራለን። 18 ዓመት ለሞላው ልጅ ግን «እንኳን አደረሰህ» ከማለት ውጭ ይህን የሚነግረው የለም። ዲቪ ደርሷቸው በሚመጡ ቤተሰቦች መሀል የ16ና የ17 ዓመት ወንዶች ብዙ ናቸው። የሚቀበላቸው ዘመድ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሶሻል ያወጣላቸዋል፣ ባንክ ይከፍትላቸዋል። እግረ መንገዱን ይህችን ቀን ማስታወሻው ላይ ቢጽፍላቸው ምን ይከፋዋል?

የእናትየውን ነገር ልጨርስ። ሊሄዱ ሲነሡ ሁለተኛ ልጅ እንዳላቸው ነገሩኝ። 18 ሞልቶታል፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። እሱ እሳቸው ዜግነት ሲወስዱ ገና ልጅ ስለነበር አብሮ ዜጋ ሆኗል። «እሱንስ?» አሉኝ። ዜጋም ቢሆን ይመዘገባል አልኳቸው። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ በመስኮት ጠሩት።

ገባ፤ ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ስልኬን ሰጠሁትና ስሙን፣ ሶሻሉን፣ የልደት ቀኑን አስገባ። እናቱ ከኋላው ቆመው ትከሻውን ይዘውታል። ገጹ ትንሽ ዞረና የምዝገባ ቁጥር አወጣ። እኛ ጋ ከመምጣቱ ከአራት ወር በፊት፣ ቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ጊዜ ተመዝግቧል።

«ይኸው ነው?» አሉ እናትየው።

ይኸው ነው አልኳቸው። ገጹን አተምኩላቸውና አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ፣ ፓስፖርቱ ጎን ከተቱት።